ከፎቶው ሥር ያለው ስም

  

እናንተ የፎቶግራፍ ወዳጆች ዛሬ እንድናገር በላካችሁልኝ የግብዣ ደብዳቤ ላይ አንድ ጥያቄ ሰፍሯል። «በየቀኑ ስልካችን ላይ ስፍር ቁጥር የሌለው ፎቶ ያልፋል። ከዚህ ሁሉ የማንን ሥራ እንከተል? ለጓደኛችንስ የማንን እንጠቁም?» ይላል። ጥያቄውን ወድጄዋለሁ። ወጣት ፎቶ አንሺዎች ሳገኝ አብዛኛውን ጊዜ የምጠየቀው ስለ ዕቃ ነው። ካኖን ይሻላል ወይስ ሶኒ? ሃምሳ ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃኛል? እናንተ ግን ዐይናችሁ ምን እየተመለከተ ማደግ እንዳለበት ጠየቃችሁ። ከካሜራው ጥያቄ ይልቅ ይህኛው የአንድን ፎቶ አንሺ ዕድሜ ልክ ይወስናል ብዬ አምናለሁ።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ፎቶውን ብቻ አትከተሉ፤ ከፎቶው ሥር ያለውን ስም ተከተሉ። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህች አንዲት ነገር አይወጣም። በመጀመሪያ ስሙ እንዴት እንደሚገኝ እነግራችኋለሁ፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ቀጥሎ ከተገኙት ስሞች የትኛው አብሮን ሊቆይ እንደሚገባ፣ በመጨረሻም ለሌላ ሰው እንዴት እንደምናስተላልፈው አነሳለሁ።

ስለ ስም መጥፋትና መገኘት ካወራን ከባማኮ መጀመር አለብን።

እ.ኤ.አ. በ1991 ኒውዮርክ ውስጥ ስለ አፍሪካ ጥበብ አንድ ትልቅ ኤግዚቢሽን ተከፍቶ ነበር። ከሥራዎቹ መካከል ከማሊ የመጡ፣ ጥቁርና ነጭ የሆኑ የስቱዲዮ ፎቶዎች ነበሩበት። ሴቶች በአበባ ጥለት ቀሚስ፣ ከበስተኋላቸውም ሌላ ጥለት ያለው ጨርቅ ተወጥሮ፤ ወንዶች በሙሉ ልብስ፣ የእጅ ሰዓታቸው እንዲታይ እጃቸውን ወጣ አድርገው። ያየ ሁሉ ተደነቀ። ከሥራቸው የተጻፈው ግን ፎቶ አንሺው እንደማይታወቅ ነበር፤ ከተማው ባማኮ መሆኑ ብቻ ተጠቅሷል።

ብዙው ተመልካች አድንቆ አለፈ። አንድሬ ማኛን የተባለ ፈረንሳዊ ግን «ማን ነው ያነሳው?» የሚለው ጥያቄ አላስተኛው አለ። የፎቶዎቹን ቅጂ ይዞ ባማኮ ሄደና እየጠየቀ ከአንድ ፎቶ ቤት ደረሰ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ማሊክ ሲዲቤ ነበሩ፤ እሳቸውም የ1960ዎቹን የባማኮ ወጣቶች ጭፈራና መዝናኛ በማንሳት የታወቁ ናቸው። ሲዲቤ ፎቶዎቹን ገና እንዳዩ የሴዱ ኬይታ ሥራ መሆናቸውን ለዩ፤ ወደ ኬይታም መሩት። ኬይታ በ1948 ስቱዲዮ ከፍተው፣ የከተማውን ሰው በየተራ ተቀብለው ያነሱ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ኔጋቲቮቻቸውን በጥንቃቄ ያስቀመጡ ሰው ናቸው። በ1994 ፓሪስ ላይ ሥራቸው ለብቻው ቀረበ። ዛሬ ስለ አፍሪካ ፎቶግራፍ የሚጻፍ መጽሐፍ ሁሉ ስማቸውን ሳያነሳ አያልፍም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛው፣ ኬይታ የተገኙት አንድ ሰው «ማን ነው ያነሳው?» ብሎ ስለጠየቀ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው፣ የማሊክ ሲዲቤ ድርሻ ነው። በዚያች ደቂቃ ሲዲቤ «አላውቅም» ማለት ይችሉ ነበር። የራሳቸውን ሥራ ብቻ አሳይተው እንግዳውን መሸኘትም ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን የሌላውን ባለሙያ ስም ጠሩ። እሳቸውም ቢሆኑ የሚገባቸውን አላጡም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የቬኒስ ቢየናሌ የወርቅ አንበሳ ሽልማትን የተቀበሉ የመጀመሪያው ፎቶግራፈር ሆነዋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በእናቶቻችን አልበም ውስጥ ያሉት ፎቶዎች ከባማኮዎቹ የሚያንሱ ይመስሏችኋል? እስኪ አንዱን አውጡና ተመልከቱ። ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያለው ትንሽ ወረቀት። ሁለት እህትማማቾች በአንድ ዓይነት ቀሚስ፣ ፀጉራቸው አፍሮ፣ አንዷ ተቀምጣ ሌላዋ እጇን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ። ከኋላቸው የተሳለ መጋረጃ፤ ከጎን ጠረጴዛ ላይ ሬዲዮ ወይም የፕላስቲክ አበባ። ብርሃኑ ከግራ ነው የሚመጣው፤ የአንደኛዋን ጉንጭ አብርቶ የሌላዋን በስሱ ጥላ ይተዋል። ይህን በድንገት የሚያገኘው ሰው የለም። አንድ ባለሙያ መብራቱን ቦታ አስይዞ፣ «ቀና በሉ፣ እንዳትተነፍሱ» ብሎ፣ የሚጫንበትን ቅጽበት ጠብቆ ያነሳው ነው።

አሁን ፎቶውን ገልብጡት። «ለማስታወሻ ያህል ይሁንሽ» የሚል የእጅ ጽሑፍ ታገኙ ይሆናል። ዕድለኛ ከሆናችሁ ደግሞ ሐምራዊ ማኅተም አለ፤ የፎቶ ቤቱ ስምና ያለበት ሰፈር። ያች ማኅተም ናት ስሙ! የደሴው፣ የጎንደሩ፣ የድሬዳዋው፣ የፒያሳው ፎቶ ቤት ባለሙያ ለእናንተ የተወላችሁ ፊርማ እሷው ብቻ ናት። አልበሙን በስልካችሁ ስትቀዱ ፊቱን ብቻ አትቅዱ፤ ጀርባውንም ቅዱ። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም የአዲስ አበቤዎችን የቤተሰብ ፎቶ እየሰበሰቡ፣ በኋላም በመጽሐፍ ያወጡ ሰዎች አሉ። ልትከተሏቸው ከሚገቡት መካከል እነሱን በቅድሚያ የምጠቁመው፣ የገዛ ከተማችንን በገዛ ሰዎቿ ዐይን ስለሚያሳዩን ነው።

የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺዎች ስማቸው የተሻለ ተጠብቋል። በምኒልክ ዘመን የመጡት አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን፣ ከእሳቸውም በኋላ ሥራውን የወረሱት ልጆቻቸው ይታወቃሉ። ሙያው ከየት እንደጀመረ ለማወቅ የምትፈልጉ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ከዴኒ ዤራር ጋር ያዘጋጁትን፣ እ.ኤ.አ. ከ1867 እስከ 1935 በአገራችን የተነሱ ፎቶዎችን የያዘውን መጽሐፍ ፈልጉ። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም የቆዩ ፎቶዎችን የያዘ ክምችት አለው።

ያ መጽሐፍ ለምን ከ1867 ይጀምራል? በዚያን ጊዜ ወደ መቅደላ የዘመተው የጄኔራል ናፒየር የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎችን ይዞ ስለመጣ ነው። እዚህ ላይ ስም ሌላ ጥቅም አለው። ያነሳውን ሰው ስታውቁ የቆመበትን ቦታ ታውቃላችሁ። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ፣ ልዑል ዓለማየሁ፣ በ1868 እንግሊዝ እንደደረሰ ዋይት በምትባለው ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶ አንስታዋለች። ካሜሮን በዘመኗ ታላቅ ባለሙያ ናት፤ ብርሃኑም አቀማመጡም ያማረ ነው። ነገር ግን ከፊታችን ያለው አባትና እናቱን በአንድ ዓመት ያጣ የሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ ከካሜራው ጀርባ የቆመችውም የማረከው አገር ሰው ናት። ስሟን ሳናይ ብንቀር ኖሮ «እንዴት ያለ ውብ ፎቶ ነው» ብለን እናልፍ ነበር። ስሟን ስናይ ግን ልጁ ማንን እየተመለከተ እንደነበረ እንጠይቃለን።

ወደ ዛሬ ልምጣ። ስም የማግኛው ቀላሉ መንገድ ዜና ነው። ጋዜጣ ላይ ወይም ስልካችሁ ላይ ያቆማችሁን ፎቶ ስታዩ ከሥሩ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። አገራችንን በተመለከተ ባለፉት ዓመታት የወጡ የሮይተርስ ፎቶዎችን ስታዩ ብዙ ጊዜ ቲክሳ ነገሪ የሚል ታገኛላችሁ፤ በአዣንስ ፍራንስ ፕሬስ አማኑኤል ስለሺ፤ በአሶሼትድ ፕሬስ ደግሞ ሙሉጌታ አየነ።

ስለ ሙሉጌታ አንድ ፎቶ ልናገር። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ቢሾፍቱ አካባቢ ወድቆ 157 ሰዎች እንዳለቁ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የዓለም ፎቶ አንሺ ሁሉ ስብርባሪውን አነሳ። ሙሉጌታ በአራተኛው ቀን እዚያው ሥፍራ ነበር። ከሟቾቹ የአንዱ ዘመድ የሆነች ሴት ከስፍራው አፈር አንስታ ፊቷ ላይ ትበትናለች፤ አፈሩ ገና አየር ላይ እንዳለ ተይዟል። ለውጭ ሰው ይህ የሐዘን ጩኸት ነው። ለእኛ ግን ከዚያም በላይ ነው። አስከሬን ሳይገኝ ሲቀር፣ የሚቀበር ሲጠፋ፣ የሚዳሰሰው አፈሩ ብቻ እንደሆነ እናውቃለን። ሙሉጌታ ያንን ያውቃል፤ ስለዚህ ካሜራውን ከብረቱ አንስቶ ወደ ሰዎቹ አዞረ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር በድንገተኛ ዜና የተከታታይ ፎቶዎች ዘርፍ አንደኛ ወጣ፤ ይኸው ፎቶም ለዓመቱ ምርጥ ፎቶ ከታጩት አንዱ ሆነ።

ሌላው መንገድ የኤግዚቢሽንና የፌስቲቫል ዝርዝር ነው። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት ሥራቸውን እዚህ ከተማ ላይ ያሳየላቸው ሰዎች ስም ዝርዝር ብቻውን ትምህርት ቤት ነው። አንዱን ስም ውሰዱ፣ ሥራውን ተመልከቱ፣ እሱ የሚያደንቀውን ሰው ፈልጉ። እንዲህ እያላችሁ ስትሄዱ መንገዱ አያልቅባችሁም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሸጋገር። ስም አገኘን እንበል፤ ማንን እናቆይ?

የእኔ መለኪያ አንድ ነው። አንድ ጉዳይ ላይ የሚቆይ ሰው ፈልጉ። ዛሬ ላሊበላ፣ ነገ ዳሎል፣ ከነገ ወዲያ ኦሞ ሄዶ ሦስት የሚያማምሩ ፎቶዎች የሚያወጣውን አይታችሁ ብታደንቁ ክፉ የለውም፤ የምትማሩት ግን ጥቂት ነው። አንድን ነገር ለዓመታት የሚከታተል ፎቶ አንሺ ግን እንዴት እንደሚያስብ ያሳያችኋል።

ሚካኤል ፀጋዬን እዩ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በሥዕል ተመርቆ የዘይት ቀለም ጤናው ስላልተስማማው ወደ ካሜራ የዞረ ሰው ነው። አዲስ አበባ ስትፈርስና ስትሠራ በትዕግሥት ተከታትሏል። ከሥራዎቹ አንዱ በመቃብር ድንጋይ ላይ የተለጠፉ የሟቾችን ፎቶዎች ያሳያል። ፀሐይና ዝናብ በልቷቸዋል፤ ፊቶቹ እየደበዘዙ ጠፍተዋል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እያልን ላደግን ሰዎች፣ መልክ ከስም ቀድሞ እንዴት እንደሚሄድ ሲያሳየን በቀላሉ የሚረሳ አይደለም።

አይዳ ሙሉነህን ደግሞ የምትከተሉት በሌላ ምክንያት ነው። ልጅነቷን የመንና ቆጵሮስ፣ ከዚያም ካናዳ ያሳለፈች፣ ወደ አገሯ ተመልሳ የሠራች ናት። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው የረሃብ ምስል በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ፣ በውጭ አገር ያደገ ኢትዮጵያዊ ልጅ ሁሉ አገሩ በዚያ ምስል ብቻ ስትጠራ ሰምቷል። ያ ምስል እርዳታ አስገኝቷል፣ ብዙ ነፍስም አትርፏል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን አንድ ምስል ብቻውን የአንድ አገር መልክ ሆኖ ሲቀር ችግር ነው። የአይዳ ሥራ በእኔ ግምት ለዚህ የተሰጠ መልስ ነው። ፊታቸው በቀለም የተቀባ ሴቶች፣ ድፍን ቀይ፣ ድፍን ሰማያዊ፣ ድፍን ቢጫ። እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ውሃ ችግር እንድትሠራ ስትጠየቅ የተራቆተ ሕፃን አላነሳችም፤ ዳሎል ላይ ውሃ የመቅዳቱን ሸክም የተሸከሙ ሴቶችን እንደ ንግሥት አቆመቻቸው። የኖቤል የሰላም ሽልማት ለዓለም የምግብ ፕሮግራም በተሰጠበት በ2020ም የሽልማቱ ኤግዚቢሽን ፎቶዎች የእሷ ነበሩ።

«እኛ ስቱዲዮም ዳሎልም የመሄጃ ገንዘብም የለንም» የሚል ካለ ግርማ በርታን ይመልከት። በስልኩ ካሜራ የአዲስ አበባን መንገደኞች አነሳ፤ ሊስትሮውን፣ ሱቅ በደረቴውን፣ ሸክም የተሸከመውን። ከዚያ የመንገዱን ግርግር ሁሉ አስወግዶ ሰውየውን ከነጥላው በአንድ ደማቅ ቀለም ላይ ብቻውን አቆመው። በየቀኑ ገፍተነው የምናልፈው ሰው በድንገት ባለግርማ ሆነ። ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2016 ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም በጋራ ይሰጡት የነበረውን 10,000 ዶላር ተሸልሟል። ኢየሩሳሌም ጅሬኛም አለች፤ የሐረርን ሴቶች ከከተማዋ ግድግዳዎች ቀለም ጋር አዋሕዳ ያነሳችውን ተከታታይ ሥራ ፈልጋችሁ እዩ።

ስለ ዕቃ ብቻ የሚያወሩትን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። አንድ ጊዜ ካሜራችሁን ከለመዳችሁ በኋላ አዳዲስ ሌንስ ሲፈታ የምታዩበት ሰዓት ከፎቶ ላይ የተሰረቀ ሰዓት ነው። ሲቸግራችሁ ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ በየቀኑ ግን አትከተሏቸው።

የመጨረሻው ነጥቤ መጠቆም ነው። እዚህ ላይ ቅር የሚለኝን ነገር ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ የምናየው አብዛኛው የአገራችን ፎቶ ስም የለውም። ስም ሳይኖረው ቀርቶ አይደለም፤ ተቆርጦ ነው። አንድ ሰው ከሌሊቱ በአስር ሰዓት ተነስቶ፣ ባሕረ ጥምቀቱን በብርድ ጠብቆ ያነሳውን ፎቶ ሌላው በአንድ ደቂቃ ያወርዳል፤ ጥግ ላይ ያለችውን ስም ይቆርጣል፤ የራሱን ገጽ ምልክት ይለጥፍበታል። ከዚያ በኋላ ያንን ፎቶ ያየ አንድ ሺህ ሰው የባለሙያውን ሌላ ሥራ የሚያገኝበት በር ተዘጋ ማለት ነው። የሚያሠራው ደንበኛ አያገኘውም፤ ተማሪው አያገኘውም። ኬይታን ባማኮ ድረስ ሄዶ የፈለገ ሰው ተገኝቷል፤ ለእኛ ልጆች ግን ማን ይሄዳል?

ስለዚህ ስትጠቁሙ በስም ጠቁሙ። «ይህን ገጽ ተከተሉት፣ ምርጥ ነው» ብሎ ሊንክ መወርወር ጥቆማ አይደለም። «ሚካኤል ፀጋዬ የመቃብር ፎቶዎች አሉት፤ ፀሐይና ዝናብ ፊቶቹን እንዴት እንደበላቸው ተመልከት» ያላችሁት ጓደኛ ግን ሄዶ ያያል። የትኛውን ሥራ፣ ለምን፣ ከየት እንደሚጀምር ንገሩት። ሳታምኑበት አታመስግኑ። የሠፈራችሁን ልጅ ሥራውን ሳታዩ «ምርጥ ነው» ብትሉት እሱንም አትጠቅሙት፤ በሚቀጥለው ጊዜም ቃላችሁን የሚሰማ አይኖርም። ተፎካካሪያችሁ ጥሩ ከሠራ ደግሞ ስሙን ጥሩ። ሰርግ በማንሳት የምትተዳደሩ እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ገበያው ጠባብ እንደሆነም አውቃለሁ። ቢሆንም ሲዲቤ የኬይታን ስም በመጥራታቸው የቀነሰባቸው ነገር አልነበረም።

እንግዲህ ከእናንተ የምለምነው ሦስት ነገር ነው። ዛሬ ማታ ስልካችሁ ላይ ካስቀመጣችኋቸው የሰው ፎቶዎች አንዱን ምረጡና ማን እንዳነሳው እስክታገኙ ድረስ ጠይቁ። በሚቀጥለው ስብሰባችሁ ደግሞ እያንዳንዳችሁ አንድ ስምና አንድ ፎቶ ይዛችሁ ኑ፤ ለምን እንደመረጣችሁትም ተነስታችሁ ተናገሩ። ከዛሬ ጀምሮም የማንንም ፎቶ ስታጋሩ ስሙን አትቁረጡ፤ ከሌለም ፈልጋችሁ ጻፉለት።